50 ዲግሪ ላይ መቆም ያቃተው ስሌት፦ ከጣና ዳር የዓሣ ማድረቂያ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ ዳር የሚሠራ አንድ የአስጋሪዎች ማኅበር ባስተከለው የፀሐይ ኃይል ዓሣ ማድረቂያ ላይ የተሠራን የአየር ፍሰትና የሙቀት ስሌት ይመለከታል። ስሌቱን የሠራችው በመካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ትከታተል የነበረች ተማሪ ስትሆን፣ እኔ ከአማካሪዎቿ አንዱ ነበርኩ። የማኅበሩንም ሆነ የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝ፣ በስሌቱ ውስጥ የነበረው ስሕተት ለብዙ ሳምንታት የተፈጥሮ ሕግ መስሎ መቆየቱ፣ እኔም ተማሪዋን ከስሕተቱ ወደ ራቀ ቦታ መምራቴ ነው። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ተማሪዎችና አማካሪዎች ይህን መንገድ እንዳይደግሙት እፈልጋለሁ።

ማድረቂያውና ቅሬታው

አስጋሪዎቹ በብዛት ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚበዛ የወጣው ሁሉ በቶሎ ይሸጣል፤ ጾሙ ሲያልፍ ግን ዓሣ ይተርፋል፣ በረዶ በማይገኝበት ቀን ደግሞ የተረፈው አያድርም። ስለዚህ ሰንጥቆ ማድረቅ የቆየ ልማዳቸው ነው። ድንጋይ ላይ ማስጣት ዝንብና አቧራ ስላስከተለባቸው ማኅበሩ ባለ ሣጥን ማድረቂያ አሠራ።

ሣጥኑ 2 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ጥቁር ቀለም በተቀባ ላሜራና በመስታወት መካከል የሞቀው አየር በፊተኛው ግድግዳ ታችኛ ክፍል ይገባል፤ በኋላኛው ግድግዳ ወገብ ላይ የተገጠመና በሶላር የሚሠራ ትንሽ ቬንትሌተር ደግሞ ይስበዋል። በውስጡ በ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተደረደሩ የሽቦ መደርደሪያዎች አሉ። ዓሣው ሲደረደርባቸው አየር በመደርደሪያው ውስጥ እምብዛም ስለማያልፍ፣ በስሌቱ እንደ ድፍን ሳንቃ ወሰድናቸው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለተማሪዋ የነገሯት ቅሬታ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ከላይ ከኋላ ያለው ሁሌ ይሸተናል። ሌላው ደርቆ እሱ እርጥብ ነው።» ጥያቄያቸውም እንዲሁ ግልጽ ነበር፤ ሣጥኑን አፍርሰው እንደገና ሳያሠሩ፣ ላሜራ በመጨመር ወይም መደርደሪያ በማዛወር ብቻ ሊስተካከል ይችላል ወይ የሚል ነው። ያላቸውን ላሜራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው መቁረጥ የሚችሉት፤ ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ማስላት ተገቢ መስሎ ታየን።

የመጀመሪያው ስሌት

ተማሪዋ በቅድሚያ የአየርን ጠባይ የሚገልጹ ቁጥሮችን ከመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ወሰደች። እዚህ ላይ ቶሎ የታረመ አንድ ስሕተት ነበር። ሠንጠረዡ በባሕር ጠለል ላይ ላለ የአየር ግፊት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ከ1.2 ኪሎ ግራም ወደ 0.97 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። ያው ቬንትሌተር ያንኑ መጠን አየር ቢስብ እንኳ የሚያጓጉዘው ሙቀት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በደጋ አገር የሚሠራ ማንኛውም የማድረቂያ ስሌት ይህን ሳያርም መጀመር የለበትም።

ከዚያ በኋላ የአየሩን ፍጥነት ለማግኘት በተለመደው ተያያዥ የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ (ቦታውን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በሚያሰላው)፣ ማለትም ለፍጥነት ሁለተኛ ደረጃ ለግፊት አንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል በሚጠቀመው የቴይለርና ሁድ ኤለመንት፣ የአየርንና የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገልጸውን የናቪየርና ስቶክስን እኩልታ ፈታች። በመደርደሪያዎቹ መካከል አየሩ በሰከንድ 0.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ፍጥነትና በዚህ ክፍተት ፍሰቱ የተናወጠ መሆን አለመሆኑን የሚያመለክተው የሬይኖልድስ ቁጥር 1,500 አካባቢ ስለሚሆን ፍሰቱ ያልተናወጠ ነው ብሎ መነሣት ያስኬዳል፤ በመግቢያው አፍ ላይ ግን ይህ ግምት ደከም ይላል። ፍጥነቱን ካገኘች በኋላ ለሙቀት እኩልታው አቀበለችው። የሚገባው አየር 50 ዲግሪ፣ የውጭው አየር 24 ዲግሪ ነበር።

ውጤቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይታመን ነበር። አንዳንድ ቦታ 19 ዲግሪ፣ አጠገቡ 57 ዲግሪ ታየ፤ እነዚህ ቁጥሮች እንደ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያሉ ይደጋገሙ ነበር። ከ50 የበለጠ ትኩስ ነገር፣ ከ24 ያነሰ ቀዝቃዛ ነገር በሌለበት ሣጥን ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሙቀቱን የሚያጓጉዘው በአብዛኛው የአየሩ ጉዞ ሲሆን፣ በአየሩ ውስጥ በራሱ የሚሰራጨው እጅግ ጥቂት ነው። የሁለቱ ንጽጽር የፔክሌት ቁጥር ይባላል፤ በ1 ሳንቲ ሜትር ኤለመንት ላይ 67 ገደማ ደረሰ። እርሷ የተጠቀመችበት የተለመደው ዘዴ፣ ተራው ጋለርኪን፣ ደግሞ ይህ ቁጥር ከ1 ሲበልጥ መወዛወዝ ይጀምራል። በማጥበብ ብቻ ከ1 በታች ለማውረድ ኤለመንቱ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ይህም በዚያች ሣጥን አንድ ገጽ ላይ ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ኤለመንት ይጠይቃል። በተማሪዋ ላፕቶፕ የሚሞከር አልነበረም።

ሰው ሠራሽ ስርጭት ጨምራ ውዝዋዜውን ለማጥፋት ሞከረች። ውዝዋዜው ጠፋ፤ ሣጥኑ በሙሉ ግን አንድ ዓይነት ለብ ያለ ሆኖ ታየ። አስጋሪዎቹ የሚያማርሩበት የኋላ ጥግ ከሌላው የማይለይበት ስሌት ለጥያቄያቸው ምንም መልስ የለውም።

ወደ ዲስኮንቲኒየስ ጋለርኪን መሻገር

በዚህ ጊዜ ዲስኮንቲኒየስ ጋለርኪን፣ በአጭሩ ዲጂ፣ የሚባለውን ዘዴ እንድትሞክር ሐሳብ አቀረብኩ። በተያያዡ ዘዴ ሁለት ጎረቤታሞች ኤለመንቶች በሚጋሩት ነጥብ ላይ አንድ ዋጋ ብቻ ይኖራል። በዲጂ ግን እያንዳንዱ ኤለመንት የራሱን ፖሊኖሚያል ለብቻው ይይዛል፤ በጋራው ድንበር ላይ ከዚህ በኩል አንድ፣ ከዚያ በኩል ሌላ ዋጋ ሊኖር ይችላል። ጎረቤታሞቹ የሚገናኙት በድንበራቸው ላይ በሚያልፈው ፍሰት ብቻ ነው። በድንበሩ ላይ ከሁለቱ ዋጋዎች የትኛው ይወሰድ ለሚለው ጥያቄ፣ ለአየር ጉዞ ተፈጥሯዊው ምርጫ አየሩ ከሚመጣበት ወገን ያለውን መውሰድ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ የቀረበው ሪድና ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በሎስ አላሞስ የኒውትሮንን ጉዞ ለማስላት ሲሠሩ ነው፤ ኒውትሮንም ቢሆን ከመጣበት አቅጣጫ ተነሥቶ ወደፊት ብቻ የሚሰላ ነገር በመሆኑ ዘዴው ለጉዞ ጥያቄ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። የሣጥኑ ገጽ በ24 ሺህ ያህል ባለ ሦስት ማዕዘን ኤለመንቶች ተከፍሏል። በአንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ተያያዡ ዘዴ 12 ሺህ ያህል ያልታወቁ ቁጥሮችን ይፈታል፤ ዲጂ ግን ለእያንዳንዱ ኤለመንት ሦስት ሦስት ስለሚይዝ 72 ሺህ ይሆናል። ስድስት እጥፍ ነው። የጊዜው እርምጃም ይጠብባል፤ ወደፊት ብቻ በሚራመድ የጊዜ ስሌት የፖሊኖሚያሉ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው እርምጃ በዚያው ልክ ያንሳል። ለሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ከ0.002 ሰከንድ መብለጥ ስላልቻለች፣ የ20 ደቂቃ ማድረቅ 600 ሺህ እርምጃ ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ በአንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ረግታ፣ በየእርምጃው እኩልታ የሚፈታውን ኢምፕሊሲት የጊዜ ስሌት መረጠች።

ፕሮግራሙን ከመጠቀሟ በፊት በአግባቡ ፈትሻዋለች። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ጥያቄ ሠርታ፣ ፍጥነቱን በቀመር ሰጥታ፣ ኤለመንቱን በግማሽ ባጠበበች ቁጥር ስሕተቱ ወደ ሩብ መውረዱን አረጋገጠች። ይህ ለአንደኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል የሚጠበቀው ውጤት ነው። ውጤቱን አይቼ ፕሮግራሙ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ።

ትኩሱ ጥግ

አዲሱ ስሌት ሲሄድ ያ ጥርስ መሰል ውዝዋዜ ጠፋ። ሞቃቱ አየር ከመግቢያው ተነሥቶ ከመደርደሪያዎቹ ሥር ሲዘረጋ ድንበሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ደስ ብሎን ነበር። በላይኛው የኋላ ጥግ ግን ያልጠበቅነው ነገር ወጣ፤ መጀመሪያ 51፣ ቆይቶ 53፣ ስሌቱ ረጅም ሰዓት ሲሄድ 56 ዲግሪ ደረሰ። አስጋሪዎቹ «እርጥብ ነው፣ ይሸታል» የሚሉት ቦታ በስሌታችን የሣጥኑ ትኩስ ቦታ ሆነ።

እዚህ ላይ የእኔን ድርሻ በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ተማሪዋ ሥዕሉን ስታሳየኝ የሰጠኋት ማብራሪያ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፣ ከ50 ትንሽ ማለፉ የሚጠበቅ ነው አልኳት። ጎዱኖቭ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳረጋገጠው፣ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ጥራት ያለው ቀጥተኛ የስሌት ዘዴ በሹል የሙቀት ድንበር አጠገብ ጨርሶ ሳይወዛወዝ ሊሄድ አይችልም፤ በዲጂም ይህ በአንድ ሁለት ኤለመንት ውስጥ ይታያል። ሁለተኛው፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ መከማቸቱ ተገቢ ነው፣ ዓሣው ያልደረቀው ምናልባት እርጥበቱ የሚወጣበት ስላጣ ይሆናል አልኩ።

የመጀመሪያው ክፍል እውነት ሆኖ ለዚህ ቦታ ግን የማይሠራ ነበር፤ ጥጉ ሹል ድንበር የሌለበት፣ አየሩ ቀስ ብሎ የሚዞርበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከዚያ የከፋ ነበር። በዚያን ጊዜ የፈታነው እኩልታ ሞቃት አየርን ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይል ጨርሶ አልያዘም። ክብደቱ የማይለወጥ አየር ነበር ያሰላነው። ስለዚህ በስሌቱ ውስጥ በሌለ ኃይል የስሌቱን ውጤት አብራራሁ። ማብራሪያው ለጆሮ የሚጥም በመሆኑ እርሷም እኔም ሳንመረምረው አለፍን፤ ጥቂት ቀርቶን ነበር አስጋሪዎቹን «በዚያ ጥግ ብዙ ዓሣ አስቀምጡ» ልንላቸው።

ያዳነን የሜዳው ልኬት ነው። ተማሪዋ ስድስት ቴርሞካፕል፣ ማለትም የሙቀት መለኪያ ሽቦ፣ ሰቅላ በየ10 ደቂቃው አነበበች። በዚያ ጥግ ያለው 38 ዲግሪ ነበር፤ ስሌቱ ከሚለው በ18 ያነሰ ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት በተሳሳተ ቦታ

ልዩነቱን ካየን በኋላም ወዲያው ወደ ትክክለኛው ቦታ አልሄድንም። በዲጂ ዘዴ የስርጭቱ ክፍል ሲሰላ በጎረቤታሞች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚቀጣ መጠን ይገባል። የቅጣት መጠኑ በቂ ካልሆነ ስሌቱ ሊፈርስ እንደሚችል፣ እጅግ ከበዛም እኩልታውን መፍታት እንደሚያስቸግር አርኖልድ ከተባለው ተመራማሪ የ1982 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምሮ በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው። እኔ ችግሩ ከዚህ ነው ብዬ ስለ ገመትኩ ተማሪዋ መጠኑን ከ2 እስከ 100 እየቀያየረች ሦስት ሳምንት አጠፋች። ጥጉ ምንም አልተለወጠም። ቆም ብለን አስበን ቢሆን ኖሮ ይህን አስቀድመን ማወቅ እንችል ነበር፤ ቅጣቱ የሚባዛው በስርጭቱ መጠን ነው፣ ስርጭቱ ደግሞ በዚህ ጥያቄ እጅግ ትንሽ መሆኑን የፔክሌት ቁጥሩ ነግሮን ነበር።

ቀጥላ ከገደብ የሚያልፈውን ዋጋ የሚቆርጥ ሊሚተር ጨመረች። 56 የነበረው 50 ላይ ቆመ፤ ሥዕሉም አማረ። ይህ ከሁሉ አደገኛው እርምጃ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥጉ አሁንም ከሣጥኑ ሁሉ ትኩስ ነው፤ ነገር ግን ከ50 ስላላለፈ ጥርጣሬ የሚያነሣሣ ምልክት አልቀረም። ሊሚተሩ በሽታውን ሳይነካ ትኩሳቱን ብቻ አበረደ። ቴርሞካፕሉ ባይኖር ኖሮ ጥናቱ በዚህ መልክ ይዘጋ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ሊያሳስተን የነበረ ሆኖ በኋላ ጠቃሚ ፍንጭ ሆነ። ተማሪዋ ሁሉንም ሙቀት ከውጭው አየር በላይ ባለው ልዩነት ብትለካስ ብላ ከሁሉም 24 ቀነሰች። የጥጉ ስሕተት ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እኔ እንደ መሻሻል አየሁት፤ እርሷ ግን ያልተመቻት ነገር እንዳለ ነገረችኝ፦ «መምህር፣ የምንቆጥርበትን መነሻ መቀየር መልሱን ለምን ይቀይረዋል?» ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የሴንቲ ግሬድ ዜሮ የት እንደ ተተከለ አየሩ አያውቅም።

የ50 ዲግሪ ፈተና

በማግስቱ ሁሉንም ነገር አወለቀች። ዓሣውን አወጣች፣ ግድግዳውን ሙቀት የማያስገባ የማያስወጣ አደረገች፣ ሣጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ በ50 ዲግሪ ሞላችው፣ የሚገባውንም አየር 50 አደረገች። በሁሉም ቦታ 50 የሆነ አየር በ50 አየር ቢተካ መልሱ ለዘለዓለም 50 ነው። ስሌቱን አስጀምራ ቁጭ አለች። ጥጉ 50 ላይ አልቆመም፤ መውጣት ጀመረ።

ይህ አንድ ሙከራ የቅጣት መጠንን፣ ሊሚተርን፣ የዓሣውን ትነትና የግድግዳውን ሁኔታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ አወጣ። የቀረው ፍጥነቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኤለመንት በሦስቱም ጎኖቹ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር እንደ ሱቅ ሒሳብ ደመረች። በጥጉ አካባቢ ሒሳቡ አልዘጋም። በአንዳንድ ኤለመንቶች 102 እጅ አየር ገብቶ 100 እጅ ብቻ ይወጣ ነበር።

የዚህ ትርጉም በቀላል ስሌት ይታያል። የሙቀት እኩልታው የሚጠብቀው የሙቀትን መጠን ነው። 102 እጅ አየር እያንዳንዱ 50 ይዞ ከገባ፣ ያ ሙቀት ሁሉ በ100 እጅ አየር መውጣት አለበት፤ ስለዚህ የሚወጣው 51 ዲግሪ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ኤለመንት 51ን ተቀብሎ ተመሳሳይ ጉድለት ካለበት 52 ያደርገዋል። በመደርደሪያዎቹ መካከል አየሩ ፈጥኖ ስለሚያልፍና ጉድለቱም አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሆነ ይካካሳል። በጥጉ ግን አየሩ በራሱ ዙሪያ ስለሚዞር በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። የመነሻው መቀየር ስሕተቱን የቀነሰው ለምን እንደሆነም ግልጽ ሆነ፤ ስሕተቱ ከሚባዛው ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል፤ በ26 ሲባዛ በ50 ከሚባዛው ግማሽ ያህል ነው። ሙቀቱን በኬልቪን፣ ማለትም በ323፣ ብትሰላው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ስሌቱ ፈንድቶ እውነቱ ይወጣ ነበር።

ታዲያ የአየር ፍሰቱ ፕሮግራም ስሕተት ነበረበት? አልነበረበትም። የቴይለርና ሁድ ኤለመንት የአየሩን መጠን የሚጠብቀው በጠቅላላ ሣጥኑ ላይ፣ ወይም በግፊት ነጥቦች ዙሪያ በአማካይ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ኤለመንት ውስጥ አይደለም። ተማሪዋ ቀደም ሲል በመግቢያው የገባውንና በቬንትሌተሩ የወጣውን አመሳክራ እኩል ሆኖ አግኝታው ነበር። ያ ፍተሻ ያለፈው ከዚሁ የተነሣ ነው። ተያያዡ የሙቀት ዘዴ ይህን ጉድለት ከነጥብ ወደ ነጥብ ስለሚያለሰልሰው አይጎላም፤ ዲጂ ግን ሒሳቡን በየኤለመንቱ ስለሚዘጋ፣ በየኤለመንቱ የማይዘጋ ፍጥነት ሲቀበል ጉድለቱን በታማኝነት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። ስሕተቱ የነበረው በርክክቡ ላይ ነው።

ያ በጥንቃቄ የሠራችው የመጀመሪያ ማረጋገጫ ይህን ያልያዘው ፍጥነቱን በቀመር ስለ ሰጠችው ነው። የቀመሩ ፍጥነት በየትም ቦታ ሒሳቡ የተዘጋ ነው። ፈተናው የሙቀቱን ፕሮግራም ፈተነ፤ ከፍሰቱ ፕሮግራም የሚመጣውን እውነተኛ ፍጥነት ግን አላስቀመሰውም።

የተወሰደው እርምጃ

ሁለት መንገድ ነበር። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በሙቀት እኩልታው ላይ የአየሩን ጉድለት በሙቀቱ አባዝቶ መልሶ መቀነስ። አንድ መስመር ብቻ ስለሚጨምር በዚያው ቀን ሞከረችው፤ 50ም 50 ሆኖ ቆመ። ነገር ግን በጠቅላላ የገባው ሙቀት፣ የወጣው ሙቀትና ዓሣው የወሰደው ሙቀት ተደምረው አልገጠሙም። ለማድረቂያ ሥራ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ዓሣው ስንት ሙቀት ወሰደ የሚለው ስለሆነ ይህን ጉድለት መቀበል አልቻልንም። ምርመራውን ለማረጋገጥ ረዳን፤ መፍትሔ ግን አልሆነም።

ሁለተኛው ፍሰቱንም በዲጂ ፈትቶ፣ የተገኘውን ፍጥነት ብሬዚ፣ ዳግላስና ማሪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባስተዋወቁት ኤለመንት ላይ ማሳረፍ ነበር። በዚህ ኤለመንት በድንበር ላይ በቀጥታ የሚያልፈው ፍጥነት ከሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ በትክክል ሲሠራም በእያንዳንዱ ኤለመንት የገባውና የወጣው አየር እስከ ኮምፒውተሩ የመጨረሻ አሐዞች ድረስ ይገጥማል። ሥራው አምስት ሳምንት ወሰደ፤ አብዛኛው ጊዜ የሄደውም የጎኖቹን አቅጣጫ ምልክት በማስተካከል ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የ50 ዲግሪው ፈተና 50 ላይ ቆመ፣ የጠቅላላው ሙቀት ሒሳብም ገጠመ። ሊሚተሩን አውጥታ እንደገና ስታስሄደው ከ50 የሚያልፈው በመግቢያው ድንበር አጠገብ ብቻ፣ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ መጠን ሆነ።

ሞቃት አየርን ወደ ላይ የሚገፋውን ኃይልም በዚሁ ጊዜ ጨመርን። ቀድሞ የተውነው ቬንትሌተሩ ይበልጣል ብለን ነው። በሣጥኑ ሙሉ ከፍታ ሲታሰብ ግን ሁለቱ ኃይሎች ተቀራራቢ ናቸው፤ መተዉ ተገቢ አልነበረም። ያም ሆኖ ጥጉን ያሞቀው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አሁን ስሌቱ በጥጉ 41 ዲግሪ ያህል ሲል፣ ልኬቱ 38 ነበር።

በሣጥኑ ላይ የተደረገው ለውጥ

ከተስተካከለው ሥዕል የወጣው መልስ አስጋሪዎቹ ከሚሉት ጋር አንድ ሆነ። የሚገባው አየር ከታችኞቹ መደርደሪያዎች ሥር ሮጦ በቀጥታ ወደ ቬንትሌተሩ ይወጣል፤ የላይኛው የኋላ ጥግ የቀዘቀዘና የረጠበ አየር በራሱ ላይ የሚዞርበት ኪስ ነው። በስሌቱ ላይ ሦስት ዓይነት ለውጥ ሞከረች። ቬንትሌተሩን ወደ ላይ ማውጣት ከሁሉ የተሻለ ውጤት ሰጠ፤ ግድግዳውን መቅደድ ስለሚጠይቅ ግን ማኅበሩ አልተቀበለውም። ሁለተኛው፣ በመግቢያው ፊት ለፊት ወደ ላይ ያዘነበለ ላሜራ ማቆም፣ አየሩን ለመደርደሪያዎቹ ያከፋፍለዋል። ሦስተኛው፣ ከላይኛው መደርደሪያ የኋላ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል አሳጥሮ አየሩ በዚያ በኩል እንዲወርድ ክፍት መተው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ላይ ተሠሩ። ላሜራው የተቆረጠው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከታሰበው ቦታ ላይ ገጠመ።

ከለውጡ በኋላ በጥጉ የተነበበው 44 ዲግሪ ነበር፤ ስሌቱ 45 ብሎ ነበር። ተማሪዋ ከየመደርደሪያው ዓሣ ጠዋትና ማታ እየመዘነች የወጣውን ውሃ አነጻጸረች፤ የላይኛው የኋላ ክፍል ከሌሎቹ ጋር ተቀራረበ እንጂ አልተካከለም።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

አንዱ ፕሮግራም ለሌላው ውጤት በሚያቀብልበት ስሌት ሁሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው መፈተን በቂ አይደለም። ርክክቡ ራሱ ፈተና ይፈልጋል። በዲጂ ፍሰትና ሙቀት ሲጣመሩ ከሁሉ ርካሹ ፈተና የማይለወጥ ሙቀት መሙላት ነው። ሙቀቱ ግን ዜሮ መሆን የለበትም፤ ዜሮ በማንኛውም ጉድለት ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ ፈተናው ሁልጊዜ ያልፋል። ተማሪዋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ሣጥን በዜሮ አስጀምራ «ምንም አልተንቀሳቀሰም» ብላ የጻፈችው ማስታወሻ አለ፤ ያን ቀን 50 ብትሞላው ኖሮ ሦስት ወር ገደማ ታተርፍ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ምን መሙላት እንዳለባት መንገር የእኔ ሥራ ነበር።

ለአማካሪዎች የምጨምረው ሌላ ነገር አለ። አንድ ውጤት ሲብራራ፣ ማብራሪያው የሚጠራው ኃይል በእኩልታው ውስጥ መኖሩን በጣት አመልክቶ ማሳየት ያስፈልጋል። ልምድ ያለው ሰው ማብራሪያ አያጣም፤ ተማሪ ደግሞ የመምህሩን ማብራሪያ ለመመርመር ይከብደዋል። ሊሚተርንም በተመለከተ፣ ያለ እርሱ የተገኘው ውጤት ተቀምጦና ተጠንቶ ካልሆነ በቀር መጨመር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ዲጂ ለሁሉ ጥያቄ ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። የሙቀቱ ስርጭት የሚያይልበት ጥያቄ፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ውስጥ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ ማስላት፣ በተያያዡ ዘዴ በስድስተኛ ወጪ በደንብ ይሠራል። እዚህ ዲጂን ያስመረጠን የፔክሌት ቁጥሩ ነው።

ያልተፈታው

በስሌቱና በልኬቱ መካከል ከለውጡ በፊት የቀረው የ3 ዲግሪ ልዩነት በከፊል ከትነት የመጣ ይመስለናል። ከዓሣው የሚወጣውን ውሃ ቀኑን ሙሉ እኩል ነው ብለን ወሰድነው፤ በእውነቱ ጠዋት ብዙ፣ የዓሣው ፊት ሲደርቅ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ነው። ስሌቱ የተሠራውም ሣጥኑን በርዝመቱ በሰነጠቀ አንድ ገጽ ላይ ስለሆነ በጎንና በጎን ግድግዳ ያለውን አያይም፤ በቀኝ በኩል ያለው በር ደግሞ በደንብ አይገጥምም፣ አየር ያሾልካል። ልኬቱ ሁሉ የተወሰደው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሰማዩ ሲዳምን ቬንትሌተሩም ላሜራውም አብረው ስለሚደክሙ እነዚህ ቁጥሮች አያገለግሉም።

ቀጣዩ ተማሪ እርጥበቱን እንደ ሁለተኛ ተጓዥ ነገር በዚያው ፍጥነት ላይ ለማስላት ጀምሯል፤ የሥራው የመጀመሪያ ገጽም ሣጥኑን በማይለወጥ እርጥበት ሞልቶ ያገኘው ውጤት ነው። አስጋሪዎቹ ግን እስከዚያው አልጠበቁም። የላይኛው መደርደሪያ የኋላ ክፍል ዓሣ እኩለ ቀን ላይ ከፊተኛው ጋር ይቀያየራል፤ ይህን ለማድረግ ሁለት ሰው ሩብ ሰዓት ይበቃቸዋል።